በደረት የተጠራ ስም

ፍሬኑን ረገጥኩት። ባጃጇ መርሳ ከተማ መሐል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ኮረኮንች አፍ ላይ ተንሸራታ ቆመች። ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ በታቀፏት ዶሮ ላይ ተደፉ፤ ዶሮዋ ጮኸች፣ ሴትዮዋም ጮኹ።

«አንተ ቀልቃላ! ልትፈጀን ነው እንዴ?»

«እናቴ፣ አንዴ ዝም ይበሉልኝማ!»

«እኔን ነው ዝም በይ የምትለው? መሪ ጨበጥኩ ብለህ!»

ሞተሩን አጠፋሁት። ከኮረኮንቹ ወዲያ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ነው። መርሳ ላይ ድንኳን ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኮፍያዬን አውልቄ አልፌው ነበር የምሄደው። ያቆመኝ ድምፁ ነው። የደከመ፣ ጫፉ የሻከረ፣ ግን በገበያ ቀን ግርግር መሐል እንኳ የማልስተው ድምፅ እንዲህ ይላል፤

«መንገዱን ጠይቁ፣ መንገዱን ጥሩልኝ፣
ወንድወሰን በዚህ ነው የሄደው በሉልኝ።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። «በሉልኝ፣ በሉልኝ» አሉ።

ወንድወሰን? የምን ወንድወሰን! እዚያ ቦታ ላይ፣ ከ«በዚህ ነው» በፊት የሚቀመጠው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የወንድሜ የደሳለኝ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። «ዶሮዎን ይዘው ይጠብቁኝ» ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ ያወረዱብኝን እርግማን እዚህ አልጽፈውም፤ ዶሮዋም ሳታግዛቸው አልቀረችም።

እንዲሁ በደፈናው ብነግራችሁ ግን «ይሄ ሁሉ ለአንድ ግጥም ነው እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ድንኳኑ ጋ ከመድረሴ በፊት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ እኔና ታላቄ ደሳለኝ የምናመሸው እትዬ ውዴ ቤት ነበር። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ማንጎና ብርቱካን ከሞላበት ጓሮ አጠገብ፣ ከኛ በአንድ የቁልቋል አጥር ብቻ የሚለይ ነው። እትዬ ውዴ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ከሴቶቹ መሐል ቆመው ሟቹን በግጥም እየጠሩ የሚያስለቅሱ፣ ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ድረስ መልእክት የሚላክባቸው። ቀን ለሞተ ሰው ያስለቅሳሉ፣ ሲመሽ ለኛ ተረት ያወራሉ። ያኔ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ኩራዙ ከግድግዳው ስርጉድ ውስጥ ሆኖ ጥቀርሻውን ወደ ጣሪያው ይልካል፤ ፍሙ ዓመድ ለብሶ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ የበቆሎው እሸት በፍሙ ዳር እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ በዋናው መንገድ ወደ ወልድያ የሚወጣ ከባድ መኪና ሲያልፍ መብራቱ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ፊታችንን ዳብሶን ሲወጣ፣ እትዬ ውዴ ተረቱ መሐል ደርሰው ድንገት ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት ግጥሙ ሊዘጋ አንድ ቃል ሲቀረው ነው። ያን ቃል ቀድሞ ያለ እሸት ያገኛል። ያልመጣለት ጭሱን ይበላል።

አንዱን ተረት እስካሁን አልረሳሁትም። ጫጩቷን ጎርፍ የወሰደባት ቆቅ በወንዙ ዳር እየሮጠች ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ድንጋዩን፤

«ድንጋይ ድንጋይ ያለህ በደጅ፣
በዚህ አልፏል ወይ የኔ…»

«ልጅ!» እንላለን ተሻምተን። ድንጋዩ አላየሁም ይላል። ቀጥላ ዛፉን ትጠይቃለች፤ ያው ግጥም ነው፣ ድንጋዩ ወጥቶ ዛፉ ገባበት እንጂ። «ልጅ!» እንላለን። ዛፉም አላየሁም ይላል። ሦስተኛው ላይ ጎርፉን ራሱን ትጠይቃለች። እትዬ ውዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በዚህ አልፏል ወይ የኔ…» ብለው ዝም ሲሉ እኔ «ልጅ!» ብዬ ጮኬ እጄን ወደ እሸቱ ዘረጋሁ። ደሳለኝ ግን አልተናገረም። በመዳፉ ደረቱን አንድ ጊዜ መታ። ድው።

እሸቱን ለሱ ሰጡት።

«እኔ ነኝ የቀደምኩት!» ብዬ ተነሳሁ።

«አንተ ቀደምክ፤ እሱ ሰማ» አሉኝ። «ተቀመጥ አንተ ወስፋታም! የመጀመሪያው ለጆሮ ነው፤ ሁለተኛው ለልብ ነው፤ ሦስተኛውን ዝም ይሉለታል። ልጇን የበላው ጎርፉ እኮ ነው። እናት በበላተኛው ፊት ቆማ ልጄን ልጄን ትላለች?»

እኔ ግን ስለ በቆሎዬ ነበር የተናደድኩት። ደሳለኝ ከእሸቱ ግማሹን ገምሶ ሰጠኝ፤ እሱንም ተናድጄ ነው የበላሁት።

ልኩንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመዳፋቸው ጉልበቴን እየመቱ፣ ግጥሙን እየቆረሱ፣ ስድስት ሲሞላ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ሌላ ስድስት መትተው ይዘጋሉ። «አቀበት የሚወጣ ሰው ስድስት ረግጦ ይተነፍሳል፤ ስድስት ረግጦ ይደርሳል። ትንፋሹን ካሳለፍክበት መሐል መንገድ ላይ ይወድቅብሃል» ይሉ ነበር። አንዲት ድምፅ የበዛች እንደሆነ ጉልበቴን ቆንጠጥ ያደርጉኛል፤ ያነሰች እንደሆነም እንደዚያው። ስምንተኛን ሳልጨርስ ትምህርቱን ጥዬ መንገድ ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሸንኮራ ሸጫለሁ፣ መናኸሪያ ዕቃ ጭኛለሁ፣ ወልድያ ጎማ ጠግኛለሁ፣ አሁን ባጃጅ ይዣለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ጉልበቴ ላይ የቀረው ያ ምት ነው። አንድ ጊዜ የሲሪንቃ መምህር ተሳፍሮ፣ መሪውን በጣቴ እየመታሁ ሳንጎራጉር ሰምቶ «ይሄ ስድስት በስድስቱ ወል ቤት ይባላል፤ ታውቃለህ?» አለኝ። ስሙን አላውቅም ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሒሳቡን ትንሽ ቀነስኩለት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አላወራም፤ የሚያወራው ሰው ሞልቷል፣ የሚያወራውም ያልሄደው ነው። ያኔ ደሳለኝ ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠራ ነበር። በመኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ በየሰፈሩ ግጥም ይረጫል። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮ ተክዬ ነው የሰማሁት፤ ለጆሮ የተሠራ ነበርና። ልኩ አጭር ነው፣ ትንፋሽ የለውም፤ ትንፋሽ የወሰደ ሰው ያስባላ! ቤቱ ሁሉ በ«ስ» ይዘጋል። ተነስ ይላል፣ ገስግስ ይላል፣ ደምስስ ይላል። ደጋግሞ ይላል። ድግግሙ እንደ ቆቋ አይደለም፤ ሦስተኛው ላይ ዝም የሚል የለም፤ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ጆሮህ እስኪደነዝዝ። ከነዚያ ቃላት ጋር «ተመለስ» የሚለውም ይገጥማል እኮ! በልኩም በቤቱም ልክክ ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ ገጣሚ ነኝ ባይ እንኳ አልገጠመውም። አሁንም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ደሳለኝ ደውሎ «ልዘምት ነው፤ ለእማማ እንዳትነግር፤ እኔ ራሴ ደርሼ እነግራታለሁ» አለኝ። ደርሶ አልነገራትም። አብሮት የነበረ ልጅ ነው፣ ከወራት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር ደጃችን የቆመው። አስከሬን የለም። ቦታውን ጠየቅነው፤ ተራራ ነው አለን። የትኛው ተራራ አልነው፤ አለቀሰ።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ፎቶውን ከወልድያ አሳድገን አመጣን፤ ጃኬቱን ወንበር ላይ አለበስነው፤ ሲሄድ ትቶት የሄደውን ኮንጎ ጫማ እናቴ አጥባ ከደጅ አኖረችው። ሰው ወንበሩን ከቦ ያለቅሳል። እኔ ጥግ ቆሜ «ለጃኬት ነው እንዴ የምታለቅሱት?» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያኔ ነው እትዬ ውዴ በምርኩዛቸው ተደግፈው የገቡት። ማንንም ምንም አልጠየቁም፤ ምን ይጠይቃሉ? ጉልበታቸው ሥር ያሳደጉት ልጅ ነው። ወንበሩ ፊት ቆሙ፤

«መንገዱን ጠይቁ፣ መንገዱን ጥሩልኝ፣
ደሳለኝ በዚህ ነው የሄደው በሉልኝ።
ጫማው ከደጅ አለ፣ ልብሱም ከወንበሩ፣
እሱ ብቻ ጎድሏል ከቤት ከመንደሩ።»

አራት መስመር ነው። ያንን አራት መስመር እንደ ባጃጄ ሞተር ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ እያንዳንዷ ብሎን የት እንደምትገባ አውቃለሁ። ሞተ አይልም። ጀግና አይልም። ለምን እንደሄደ አይናገርም፤ የሄደበትን መንገድ ብቻ ይጠይቃል። «መንገዱን» ሁለት ጊዜ ይላል፤ አንዴ የተጠራ መንገድ አይሰማም፤ መንገድ ደግሞ ሰው አሳልፎ የመስጠት ልማድ አለበት። «ጥሩልኝ»፣ «በሉልኝ» ብሎ የሚዘጋው ቤት ከሌላ ከየትም አልመጣም፤ ከስሙ ነው የወጣው። ደሳለኝ። «ለኝ» ብሎ ያልቃል ስሙ። እትዬ ውዴ ስሙን መሐል አስቀምጠው ከላይና ከታች ያሉትን ቃላት በሱ ድምፅ ነው ያሰሯቸው፤ ስሙ ሳይጠራ እንኳ መስመሩ ጫፍ ላይ ይሰማል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙት ደግሞ ስሙን አልጠሩትም።

ሁለት ጊዜ «ደሳለኝ በዚህ ነው» አሉ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ሦስተኛው ላይ ከስሙ ቦታ ሲደርሱ አፋቸውን ዘጉና በመዳፋቸው ደረታቸውን መቱ። ሦስት ምት። ደ፣ ሳ፣ ለኝ። ከዚያ «በዚህ ነው የሄደው» ብለው ቀጠሉ። ሴቶቹም እንደሳቸው ደረታቸውን ደቁ፤ ሦስት ምት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አንድ ሰው በደረቱ ሲጠራ አስቡት። እናቴ እስከዚያ ሰዓት አልቅሳ አልነበረም፤ ደርቃ ነው የተቀመጠችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለኔም ወንበሩ ላይ ያለው ጃኬት ብቻ መሆኑ የቀረው ያኔ ነው።

ወንድሜ መቃብር የለውም። ሐውልት የለውም፣ አበባ የሚቀመጥበት ድንጋይ የለውም። ያለው ያ አራት መስመር ነው። ሰው መቃብር ሄዶ አቧራ እንደሚጠርግ እኔ ጠዋት ጠዋት ባጃጇን ሳስነሳ እሱን እላለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ደረቴን እመታለሁ፤ ሦስት ምት፤ ከዚያ ሥራዬን እጀምራለሁ። የመናኸሪያ ልጆች አይተውኝ «ስንቴ ልቡን እያስነሳ ነው» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እንግዲህ ያን ቀን የሌላ ሰው ስም ገብቶበት የሰማሁት ይሄንን ነው። አሁን ድንኳኑ ጋ እንድረስ።

ስገባ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ሴቶቹ ቆመዋል። ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ጃኬት አለ። ፎቶ አለ፤ ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ ነው፣ ሊስቅ ሲል የተነሳው። ደጃፉ ላይ፣ ስገባ ልረግጠው የነበረ፣ የታጠበ ኮንጎ ጫማ አለ። ወንድሜ በሄደበት ሰሞን የዘመተ ልጅ እንደሆነ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ሹክ አለኝ። ይመጣል፣ ተማርኮ ነው፣ አለ ተብሏል ሲባል እስካሁን ተጠብቆ፣ መርዶው የመጣው ገና ሰሞኑን ነው።

እትዬ ውዴ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። «ወንድወሰን በዚህ ነው» አሉ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ወን፣ ድ፣ ወ፣ ሰን። አራት ነው። ለሦስት የተሰፋ ቦታ ውስጥ አራት ሲገባ መስመሩ ሲያነክስ ይሰማኛል፤ ትንፋሹ ይዘገያል፣ «በዚህ ነው» የሚለው እግሩ ይጠላለፋል። ደገሙት፤ አሁንም አነከሰ። ሦስተኛው ላይ ዝም አሉ።

ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹም ደቁ።

ሦስት ምት።

አያችሁ? ስሙን አውጥተውታል፣ ምቱን ግን አላወጡትም። ለወንድወሰን ጃኬት፣ በወንድወሰን ፎቶ ፊት፣ ድንኳን ሙሉ ሴት የኔን ወንድም ስም በደረቷ ትመታለች፤ ማን እንደሆነ አታውቅም።

«ይሄ የወንድሜ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። «ምንድነው የሚለው?» «ፎቶው ወንድሜ ነው እያለ ነው መሰለኝ።» «ሰክሯል።» «በጠራራ ፀሐይ?» «ዛሬ መስከር ሰዓት አለው እንዴ?» አንድ ደንዳና የዕድር ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ። «ና እስቲ ወንድሜ፣ ወደ ውጭ፤ ሐዘንተኛ ፊት አይሆንም።»

«አልሰከርኩም! ልቀቀኝ! ግጥሙን ነው ያልኩት! ግጥሙ የወንድሜ ነው!»

«ግጥም?» አለና ሰውዬው ለአፍታ እጁ ላላ። «ለግጥም ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

ጎትቶ አጥሩ ጋ አወጣኝ። እትዬ ውዴ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ተከተሉን፤ «ተወው አንተ፤ የሰፈሬ ልጅ ነው» ብለው ሰውዬውን አስለቀቁት። ከአጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ በምርኩዛቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ስንታየሁ ነህ አይደል? ዓይኔስ ደክሟል፤ ጩኸትህን ግን ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«እትዬ፣ ግጥሙን ለማን ሰጡት?»

«ለሞተ ሰው።»

«የደሳለኝ እኮ ነው! ልኝ ልኝ የሚለው ከሱ ስም ነው የወጣው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያወጡት! ወንድወሰን ምን ሊሠራ ገባበት? አልሰሙትም ሲያነክስ?»

«ሰምቻለሁ። ጆሮህ አልደነቆረም፤ ደስ ይላል።»

«አያሞግሱኝ! ስንት ስም ገባበት?»

ምርኩዛቸውን አፈሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረጉ። «ካንተ ወንድም ቀጥሎ የማዶ ሰፈሩ የካሳዬ ስም ገባ። ቀጥሎ ከሲሪንቃ ወዲህ የአንዲት ደሃ ልጅ። ከዚያ የወልድያው ገባ። ከዚያ… ተወው ልጄ። እያለቀስኩ ነበር፤ ማን ይይዘዋል?»

ጠዋት ጠዋት ብቻዬን የምጠርገው መቃብር የጅምላ መቃብር ሆኖ ተገኘ። እኔ ደረቴን ስመታ ስንት የማላውቀው ልጅ ከሥሩ ተኝቷል! በእሳቸው ልናደድ? በመንገዱ? ያን ሁሉ «ተነስ» ሲገጥም ሰንብቶ ለቀብሩ አንዲት መስመር ባላወጣው ላይ? አጠገቤ የነበሩት እሳቸው ናቸውና ሁሉም በእሳቸው ላይ ወረደ።

«ለልጁ ሌላ ይግጠሙለት» አልኳቸው። «አሁኑኑ። እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

አልተቆጡኝም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ወንድወሰን» አሉ በሹክሹክታ፤ እጃቸው አራት ጊዜ መታ። እንደገና «ወንድወሰን» አሉ። ከንፈራቸው ቃል ሲፈልግ አያለሁ፤ ድሮ ኩራዙ ሥር እንዲህ ሲሉ ቃሉ ተንደርድሮ ይመጣ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ያለ አውራጅ ተቀምጠው ይንሰቀሰቃሉ። የእትዬ ውዴ እጅ አየር ላይ ቆመ፤ ጉልበታቸው ላይ አልወረደም።

«አይመጣም» አሉኝ። «ድሮ ሰው ሲሞት ጊዜ ይሰጠኝ ነበር፤ አንድ አንድ ነበር የሚሞተው። ምን ይወድ እንደነበር እጠይቃለሁ፣ አረማመዱን እጠይቃለሁ፣ የእናቱን ፊት አያለሁ፤ ከዚያ ስሙን ጉልበቴ ላይ ሳገላብጠው ግጥሙ ራሱ ይመጣል። ያን ሰሞን ግን ከአንዱ ድንኳን ሳልወጣ ሌላው ይልክብኛል። የራሱ ግጥም የመጣለት ያንተ ወንድም የመጨረሻው ነው። ከሱ ወዲህ ደረቀ። ከጉድጓዱ ባልዲ ስሰድ የሚወጣው ያው የደሳለኝ ነው።»

«ታዲያ ዝም አይሉም!»

ይህንን ጮኬ ነው ያልኩት። ጎንበስ አሉ። የዕድሩ ሰውዬ «አንተ ባለጌ!» ብሎ ሊመለስብኝ ሲል ከድንኳኑ አንዲት ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት ወጡ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። የወንድወሰን እናት ናቸው። ድምፃቸው ከለቅሶው ብዛት ሄዷል፤ ሲናገሩ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚመስለው።

«ውዴ፣ ምንድነው የዚህ ልጅ ጥያቄ?»

«ግጥሙ የወንድሜ ነው ነው የሚለው።»

«ነው?»

«ነው።»

እናትየው ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ በቁጣ መልስ መስጠት አውቅበታለሁ። «እናቴ፣ በእርስዎ አይደለም የተናደድኩት» አልኩ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት። ግን ወንድሜ መቃብር የለውም። ከሱ የቀረኝ ያ ግጥም ብቻ ነው። ስሙን አውጥተው የልጅዎን አስገቡበት፤ ደግሞ አይገባም፤ አይሆነውም። ለእትዬ ይንገሯቸው፣ ይቁም። የኔን ወንድም ይተዉልኝ።»

ንዴቴ ያን ቀን አልወጣልኝም፤ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ አብሮኝ ይነሳል። ማን ላይ እንደማሳርፈው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ግራ ገብቶኛል። ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝ፤ የጠበቀ አያያዝ ነበር፤ ደረታቸው ከድቂያው ብዛት ቀልቶ ከነጠላቸው በላይ ይታያል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ደረቴን ስደቃ አንድ እንደጎደለኝ እኔም ሰምቼዋለሁ። የሰው ልብስ ነው፤ እጅጌው ያጥረዋል። ታዲያ ራቁቱን ልሸኘው ነው የምትለኝ?»